«አዳኝ» ሲጠብቅና ሲላላ
ስለ አንድ ፊልም የተሰጡ አስተያየቶችና ከእነርሱ የተነሣ ጥያቄ



የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶች ጋር ስለ ፊልም ተወያዩ ቢባል፣ ጊዜ ለማሳለፍ እንጂ ለነፍስ ጥቅም ነው ብሎ የሚገምት ጥቂት ነው። እኛም ባለፈው ክረምት በኮምቦልቻ በተሰበሰብን ጊዜ ሐሳባችን ሌላ ነበር። ለውይይት የያዝነው ርእስ ምሥጢረ ንስሐ ነበር። ይሁን እንጂ ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወርደው የመጡት ወጣቶች በመኪና ውስጥ የጀመሩትን ክርክር ይዘውት ገቡ። ክርክሩም ደም መጣጮችን እያደነ ስለሚገድል አንድ የፊልም ጀግና ነበር። ልናስቆማቸው ስንሞክር ከመካከላቸው አንዱ፣ «መምህር፣ ይህም እኮ የንስሐ ጉዳይ ነው» አለን። በዚያን ሰዓት እንደ ቀልድ ቆጠርነው። ስብሰባው ሲፈጸም ግን እውነት እንደ ተናገረ ተረዳን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም ይኸው ነው።

ፊልሙና ታሪኩ

የፊልሙ ስም «ብሌድ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ስለት» ማለት ነው። በአሜሪካ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን ያዘጋጀው ስቲቨን ኖሪንግተን፣ ዋናው ተዋናይም ዌስሊ ስናይፕስ ነው። ጀግናው ግን ከፊልሙ በፊት የነበረ ነው። ማርቭ ዎልፍማን በድርሰት፣ ጂን ኮላን በሥዕል ፈጥረውት፣ ማርቭል የተባለው ድርጅት በሚያሳትማቸው «ኮሚክ» በሚባሉ በሥዕል የሚተርኩ መጽሔቶች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ፊልሙ ወደ 45 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጥቶበት ከ130 ሚሊዮን በላይ ስላስገባ፣ በ2002 እና በ2004 ሁለት ተከታይ ክፍሎች ተሠርተውለታል። በእኛ ከተሞች ቪዲዮ ቤቶች በበዙበት ዘመን ወጣት የነበሩት የዛሬ ጎልማሶች እነዚህን ፊልሞች በሚገባ ያስታውሷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ያው ተዋናይ በሌላ የማርቭል ፊልም ውስጥ በቀድሞው ጀግና መልክ ዳግመኛ ብቅ በማለቱ ደግሞ፣ ልጆቻቸው የጥንቱን ፊልም እየፈለጉ በእጅ ስልካቸው ማየት ጀምረዋል።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በደም መጣጭ ትነከሳለች። የተወለደው ልጅ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ደም መጣጭ ይሆናል። እንደ እነርሱ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን እነርሱን የሚያቃጥላቸው የፀሐይ ብርሃን እርሱን አይጎዳውም። ስለዚህ «በቀን የሚሄደው» የሚል ስም ወጥቶለታል። የደም ጥማቱ ግን አልተወውም። አሳዳጊው የሆነ አንድ አረጋዊ የሚቀምምለትን መድኃኒት በየጊዜው እየተወጋ ያን ጥማት ይገታል። የቀረውን ዘመኑን የሚያሳልፈው ደም መጣጮችን በማደንና በመግደል ነው። ከጠላቶቹ ዋነኛው «ዲያቆን» የሚል ስም ያለው ሲሆን፣ ደም መጣጭ ሆኖ የተወለደ ሳይሆን ተነክሶ የሆነ ነው። በዚህም ምክንያት «ንጹሕ ደም አለን» የሚሉት የደም መጣጮች አለቆች ይንቁታል። በመካከሉ ካረን የተባለች የደም ሕክምና ሊቅ ትነከሳለች፤ ሆኖም ተስፋ ሳትቆርጥ መርምራ፣ ተነክሰው ለተለወጡ ሰዎች የሚሆን ፈውስ ታገኛለች።

ፊልሙ በሚሠራበት አገር እንኳ ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ እንዳያዩት ተከልክሏል። ገና ከመጀመሪያው በጭፈራ ቤት ውስጥ ከጣሪያ ደም ሲዘንብ ያሳያል። ስለዚህ ለሕፃናት እንደማይገባ በግልጽ እንናገራለን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ የሚመለከተው ለአካለ መጠን የደረሱትን ነው።

ተመልካቾች ምን አሉ?

በስብሰባው ላይ የተሰጡት አስተያየቶች በአራት የሚከፈሉ ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ «ጨዋታ ነው፣ አትጨነቁበት» የሚሉ ናቸው። አንዱ ወጣት እንዳለው፣ ተረት ሲነገር ቀበሮ መናገሯን ማንም አይጠይቅም፤ ፊልምም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ወጣቶች የሚያደንቁት የሰይፉን ፍልሚያ፣ ልብሱን፣ ዝላዩን ነው። አንዳንዶችም፣ በዚያን ዘመን እንዲህ ባለ ፊልም ውስጥ ጥቁር ሰው ዋና ጀግና ሆኖ፣ ጥቁር ሴትም ሊቅ ሐኪም ሆና መታየቷ ደስ እንዳሰኛቸው ተናገሩ። ይህ ደስታ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

ሁለተኛዎቹ «መልካም ፊልም ነው፤ ክፋትን መዋጋት ያስተምራል» አሉ። ለእነርሱ ጀግናው ዘንዶን እንደ ወጋው እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ክፉ ክፉ ነው፣ በጎም በጎ ነው፤ መሐል ሰፋሪነት የለም። «በእውነተኛው ዓለም ክፉውን ከደጉ መለየት ያደክማል፤ በፊልሙ ግን ማን መሞት እንዳለበት ታውቃለህ» ያለውን ወጣት ቃል በማስታወሻችን ጽፈነዋል።

ሦስተኛዎቹ፣ በዕድሜ የገፉ ጥቂት ወላጆች፣ «የሰይጣን ሥራ ነው፤ ይከልከል» አሉ። በተለይ ያስቈጣቸው በፊልሙ ውስጥ ያ አረጋዊ፣ ደም መጣጮችን ብርና ነጭ ሽንኩርት እንደሚጎዳቸው፣ መስቀል ግን ምንም እንደማያደርጋቸው መናገሩ ነው። የክፉው ሰው ስም «ዲያቆን» መሆኑም አላስደሰታቸውም።

አራተኛው አስተያየት የአንዲት እኅታችን ብቻ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ እንዲህ አለች፦ «ሁላችሁም ስታዩት ከአዳኙ ጋር ሆናችሁ ነው። እኔ ግን የማየው ከሚታደኑት ጋር ሆኜ ነው። ሰው ይመስላሉ፣ ይናገራሉ፣ ይለብሳሉ፤ ነገር ግን ‹ሰው አይደሉም› ተብሏልና ሲሞቱ ማንም አያዝንም። እናቴም አያቴም ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። እኔ ወደ ቤት ስገባ ሕፃን የሚሸፍኑ ሴቶች አሉ። ትምህርት ቤት ምሳቸውን ሲበሉ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር። እዚህም ቢሆን የበዓል እንጀራ ተራ ሲወጣ ስሜ ተጽፎ አያውቅም።»

ክርክሩ በዚህ አበቃ። ማንም መልስ አልሰጠም። በማግሥቱ የበዓላት ዝግጅት መዝገባችንን አውጥተን ተመለከትን። ለማኅበሩ አባላት በሙሉ ተራ ደርሷቸዋል፤ የእርሷ ስም ግን በአንዱም ገጽ ላይ የለም። እንዲዘለል ያዘዘ ሰው አልነበረም፤ ማዘዝም አላስፈለገም። እኛው ነበርን የጻፍነው።

ስለ መከልከል

የእኅታችንን ቃል ከመመርመራችን በፊት፣ ይከልከል ላሉት ወላጆች መልስ እንስጥ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ፊልምን እንደ ፊልም አልኮነነችም። የዳግማዊ ቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎች ባወጣው ድንጋጌ፣ እነዚህን የጥበብ ውጤቶች ለሰው ልጅ የተሰጡ ስጦታዎች አድርጎ በመቀበል፣ ተመልካቹ አስተውሎ እንዲመርጥ ኃላፊነት ጥሎበታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የሲኒማ መቶኛ ዓመት ሲከበርም፣ በቫቲካን የማኅበራዊ መገናኛዎች ጳጳሳዊ ምክር ቤት 45 ታላላቅ ፊልሞችን መርጦ ነበር። ከእነዚህም አንዱ፣ በኪነ ጥበብነቱ የተመረጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን የተሠራው «ኖስፌራቱ» የተሰኘ የደም መጣጭ ታሪክ ነው። ስለዚህ በፊልም ውስጥ ደም መጣጭ መኖሩ ብቻውን ኃጢአት አይደለም።

«ጨዋታ ነው» ላሉት ወጣቶች የምንሰጠው መልስም ከዚሁ ይነሣል። ተረት ተረት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ነገር ግን በእኛ አገር ተረት ለጨዋታ ብቻ ተነግሮ አያውቅም። ሽማግሌው ስለ ቀበሮ የሚያወራው ልጁ ስለ ሰው እንዲያስብ ነው። ልንጠይቅ የሚገባን ፊልሙ እውነት መሆኑን አይደለም፤ ፊልሙን ስናይ ልባችን የሚለማመደው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችንን እንዲህ ልናስቀምጠው እንወዳለን፦ ክፋትን መጥላት የታዘዝን ክርስቲያኖች፣ ስለ አንድ ፍጡር «ሰው ይመስላል እንጂ ሰው አይደለም» ብለን ለመፍረድ የምንችልበት ጊዜ አለን?

«ሰው አይደለም» የሚለው ክስ ታሪክ

በእኛ አካባቢ ደም መጣጭ የሚባል ተረት ብዙ አይታወቅም። የእኛ ሰው የሚያውቀው ቡዳን ነው። ቡዳ ሲያዩት ሰው ነው፤ ሌሊት ግን ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑም ሰው ይበላል ይባላል። ልጅ በድንገት ሲታመም «ቡዳ በላው» ይባላል። እናቶችም ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥረው በልጆቻቸው አንገት ያስራሉ። የሩቁ ፊልምና የእኛ ልማድ በነጭ ሽንኩርት መገናኘታቸው ያስገርማል። ዋናው መመሳሰላቸው ግን ሌላ ነው። በሁለቱም ዘንድ ክፋቱ በሥራ የሚታወቅ ሳይሆን በደም የሚወረስ ነው። ሰውየው ያደረገው ነገር አይጠየቅም፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠየቃል እንጂ። «አጥንቱ ይቈጠር» እየተባለ ስንት ጋብቻ ፈርሷል!

ይህ ስም ሲለጠፍ የኖረው ደግሞ በማን ላይ እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን፤ በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በባለ እጁ ሁሉ ላይ ነው። ማረሻውን የሠራለትን ሰው ገበሬው ይጠየፈዋል። በምጣዷ እንጀራ የምትጋግርባትን ሴት እመቤቲቱ ከቤቷ አታስገባትም። የሰሜኑ ክፍል ቤተ እስራኤላውያንም አብዛኞቹ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ስለ ነበሩ በዚሁ ስም ሲከሰሱ ኖረዋል። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ እንዲታገድ አዋጅ ማስነገራቸው በታሪክ ተጽፏል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። የእኛ መዝገብ ግን ያንን አዋጅ ገና አልሰማም ነበር።

ይህ ነገር ለክርስቲያን ይበልጥ የሚያሳፍር የሚሆንበት ምክንያት አለ። በመጀመሪያዎቹ ምዕተ ዓመታት ደም ጠጪ ተብለው የተከሰሱት ራሳቸው ክርስቲያኖች ነበሩ። ስለ ቅዱስ ቁርባን ወሬ የሰሙ አሕዛብ፣ ክርስቲያኖች በስውር ተሰብስበው ሕፃን አርደው ደሙን ይጠጣሉ ይሉ ነበር። ተርቱሊያኖስ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ197 ገደማ በጻፈው የመከላከያ ድርሰት ይህን ክስ ተቃውሟል። አባቶቻችን የተከሰሱበትን ክስ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ በአውሮፓ የነበሩ ክርስቲያኖች አንሥተው በአይሁድ ላይ ጣሉት፤ በዚህም ብዙ ንጹሓን ተገደሉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1247 ይህን የደም ክስ ተቃውመው መልእክት ጽፈዋል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በምሥራቅ አውሮፓ የሞቱ ሰዎች ተነሥተው ደም ይመጣሉ ተብሎ መቃብር እየተቈፈረ ሬሳ ሲቃጠል፣ የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪማቸውን ጌራርድ ቫን ስዊተንን አስመርምረው እ.ኤ.አ. በ1755 ድርጊቱን ከለከሉ። በየዘመኑ ክሱ አንድ ነው፤ የሚለወጠው ተከሳሹ ብቻ ነው።

«እንግዲያስ ሰይጣን የለም ትላላችሁን?» የሚሉን ይኖራሉ። እንዲህ አላልንም። ቤተ ክርስቲያን የክፉ መንፈስን መኖር ታስተምራለች። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 1673፣ ማንም ሰው ለመናፍስት ማስወጣት ጸሎት ከመቅረቡ በፊት ችግሩ ሕመም አለመሆኑ በጥንቃቄ እንዲጣራ ያዛል። በቍጥር 2477 ደግሞ፣ በቂ ማስረጃ ሳይኖር ባልንጀራን በክፋት መጠርጠርና ጥርጣሬውንም እንደ እውነት መያዝ ኃጢአት መሆኑን ይናገራል። የታመመው ልጅ ሐኪም ያስፈልገዋል፣ ጸሎትም ያስፈልገዋል። ጎረቤት ሆና ሸክላ የምትሠራ ተከሳሽ ግን አያስፈልገውም።

ይህ የድሮ ነገር ነው ብሎ የሚያልፍ ካለ፣ ቅርቡን ዘመን ያስታውስ። በ2010 ዓ.ም. በአገራችን የፖለቲካ ንግግር ውስጥ «የቀን ጅብ» የሚል ስም ገብቶ ከአፍ ወደ አፍ ሲዛመት ሰምተናል። የፊልሙ ጀግና በቀን ስለሚሄድ ተሞገሰ፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ በቀን የሚሄድ ጅብ አለ ተባለ። ከዚያ በኋላ በመጣው ጦርነት በየወገኑ ሰው ሰውን በአውሬና በበሽታ ስም ሲጠራው ቆየ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በወረሰ ጊዜ፣ ቃል ወደ ጥይት እንዴት እንደሚለወጥ በዓይናችን አይተናል። ያ ወጣት «በፊልሙ ግን ማን መሞት እንዳለበት ታውቃለህ» ሲል የተናገረው ምኞት በፊልም ውስጥ ተወስኖ የሚቀር ምኞት አይደለም። ጦርነት ሁሉ ለወታደሩ የሚሰጠው የመጀመሪያው ተስፋ ይህ ነው።

ሁለቱ «አዳኞች»

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ፤ ልንወቅሰው ብቻ አይደለም፣ ከፈጣሪዎቹ አሳብ ያለፈ እውነት ይዞ እናገኘዋለንና።

ጀግናው የሚጠላው ነገር በገዛ ደሙ ውስጥ ነው። ኃይሉም ጥማቱም ከሚያድናቸው ፍጥረታት የመጣ ነው። በየጊዜው መድኃኒት ካልወሰደ ከእነርሱ አይለይም። ስለ አዳም ኃጢአትና በሰው ውስጥ ስለ ቀረው የክፋት ዝንባሌ ለወጣቶች ለማስረዳት የሚፈልግ መምህር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያገኝም። እኛም ብንሆን ክፋት ከሩቅ የሚመጣብን ብቻ ሳይሆን ከልባችን የሚወጣብን ነን። ወደ ምሥጢረ ንስሐና ወደ ቅዱስ ቁርባን ደጋግመን የምንቀርበውም አንድ ጊዜ ወስደን የምንጨርሰው መድኃኒት ስላልሆነ ነው። ወጣቱ «ይህም እኮ የንስሐ ጉዳይ ነው» ያለው በዚህ እውነት ነው።

ነገር ግን ፊልሙ ይህን እውነት ለአንድ ሰው ብቻ ሰጥቶ ለሌሎቹ ነፈጋቸው። ጀግናው መድኃኒት ስለሚወስድ ሰው ነው፤ ሌሎቹ ግን ማንም መድኃኒት ሳያቀርብላቸው «ሰው አይደሉም» ተባሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ እንደ ጀግናው እናት ተነክሰው የተለወጡ፣ ማለትም የተበደሉ ናቸው። ሞታለች ብሎ ሲያዝንላት የኖረውን እናቱን በሕይወት ባገኛት ጊዜም በገዛ እጁ ገደላት። ይህን ሲሰሙ ፊልሙን ያላዩት አንዲት እናት፣ «እናቱን? መድኃኒት እያለ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሐኪሟ ፈውሱን አግኝታዋለች። በመጨረሻም ለጀግናው «እኔ ልፈውስህ» ስትለው ጦርነቱ ገና አላለቀም ብሎ እምቢ አላት፤ የፈለገው ጥማቱን የሚገታለት የተሻለ መድኃኒት እንድትሠራለት ነው። መዳን ከማደን የሚያስቆመው ስለ ሆነ አልወደደውም። ፈውሱ ተገኘ፤ አደኑ ግን ቀጠለ። ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል የተሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአማርኛችን «አዳኝ» የሚለው ቃል ሁለት ንባብ አለው። «ዳ» ሲጠብቅ፣ አራዊትን ተከታትሎ የሚገድል ማለት ነው። ሲላላ ግን የሚፈውስ፣ ከሞት የሚያወጣ፣ ጌታችን መድኃኔ ዓለም የሚጠራበት ስም ነው። በጽሕፈት ልዩነት የላቸውም፤ የሚለያዩት በአንባቢው አፍ ነው። ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰውም እንዲሁ ነው። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ክፋትን ይጠላሉ። አንዱ ክፋትን ለማጥፋት ክፉ የተባለውን ሰው ይገድላል፤ ሌላው ያን ሰው ለማትረፍ ክፋትን ያጠፋል።

በፊልሙ ውስጥ መስቀል ኃይል የለውም መባሉ ያስቈጣቸው ወላጆች በዚህ ነጥብ ይጽናኑ። መስቀል ለአደን የሚያገለግል መሣሪያ አይደለምና በዚያ ታሪክ ውስጥ ሥራ ቢያጣ አያስደንቅም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 6፣ ተጋድሏችን ከሰዎች ጋር ሳይሆን ከክፉ መናፍስት ጋር መሆኑን ያስተምረናል። ቅዱስ ጊዮርጊስም ቢሆን በሥዕል ላይ የሚወጋው ዘንዶን ነው፤ በሕይወቱ ግን የፈሰሰው የራሱ የሰማዕቱ ደም ነው እንጂ የሌላ ሰው አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 ደም መብላት የተከለከለው ሕይወት በደም ውስጥ ስላለ ነው። ደም መጣጭ የሌላውን ሕይወት ወስዶ ለራሱ ይኖራል። ጌታችን ደግሞ የራሱን ደም ሰጥቶ ሌላውን ያኖራል። ከዚህ የበለጠ ተቃራኒ የለም። በቅዱስ ቁርባን ፊት ቆመን የአንዱን መሥዋዕት የምንካፈል ሁሉ፣ ከዚያ ማዕድ ተነሥተን የእኅታችንን እንጀራ የምንጠየፍ ከሆነ የበላነው ነገር አልገባንም ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምንመክረው ይህን ነው። ወጣቶች እንዲህ ያሉ ፊልሞችን አይተው ሲመጡ ከመገሠጻችሁ በፊት ጠይቋቸው። በፊልሙ ውስጥ የማይታዘንላቸው እነማን ናቸው? ክፉ መሆናቸው የታወቀው በሥራቸው ነው ወይስ በትውልዳቸው? የመዳን መንገድ ተሰጥቷቸዋልን? በመጨረሻም፣ በእኛ ሰፈር የእነርሱን ቦታ የያዘ ማን ነው? ይህን አራተኛ ጥያቄ ለራሳችሁ ሳታቀርቡ ለልጆቹ አታቅርቡ። እኛ እንዲህ ማድረጋችን ሁልጊዜ አሳፍሮናልና። ለአካለ መጠን የደረሱ፣ ጤናቸውም የሚፈቅድላቸው ደግሞ በደሴ ወዳለው የደም ባንክ ሄደው ደም ይለግሱ። ደም መስጠት ከዚህ ሁሉ ንግግር ይልቅ ነገሩን ያስረዳል።

እኛም እኅታችንን በማኅበሩ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት። ስሟም በመዝገቡ ተጻፈ። በነሐሴ 16 ቀን በፍልሰታ በዓል እንጀራውን የጋገረችው እርሷ ነበረች። ሁሉም ነገር በዚያ ቀን ተስተካከለ ብለን ብንጽፍ ሐሰት ይሆንብናል። አንዳንዶች «ጠግበናል» ብለው ሳይበሉ ሄዱ፤ አንዲት እናትም ልጃቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ አይተናል። የቀሩት ግን በሉ። እርሷም የሄዱትን አላማችም፤ «ለሚቀጥለው በዓልም ጻፉኝ» ብቻ አለች።

በደሴ ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» መባሉን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ባለጠጋውም ድኻውም የሚቀመጥበት ነውና ማንንም አይጸየፍም ማለት ነው። አንድ ምድራዊ ንጉሥ ለአዳራሹ ይህን ስም ካወጣ፣ የሰማያዊው ንጉሥ ማዕድ የሚዘረጋባት ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ልታንስ አትችልም።

ቸሩ አምላካችን የሚያድነውን አዳኝ እንድንመስል፣ የሚገድለውን አዳኝ ከልባችን እንድናስወጣ ጸጋውን ያድለን። አሜን።